ዘር የሚያልቀው ኩሽና ውስጥ ነው፦ በድዋርፍ ፎርትሬስ የማይነጥፍ እርሻ አያያዝ

ድዋርፍ ፎርትሬስ ድዋርፍ የሚባሉ ድንክ ፍጡራን የሚኖሩበትን ምሽግ የምናስተዳድርበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። የሚጫወተው ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ መልእክት ይገጥመዋል። ዘሪው ዘር አጣሁ ብሎ ሥራውን ሰርዟል። ብዙው ሰው ያኔ ማሳ ይጨምራል። ማሳ ሲጨመር ደግሞ ዘር የሚፈልገው መሬት ይበዛል፤ መልእክቱም ይብሳል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በዚህ ጨዋታ ዘር የሚጠፋው እርሻው ላይ ሳይሆን ምድጃው ላይ ነው።

ይህን ጨዋታ ታርን እና ዛክ አዳምስ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው የሠሩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2006 ሲሆን፣ ሥዕል ያለውና በማውስ የሚታዘዘው፣ ስቲም በተባለው የጨዋታ መሸጫ የወጣው እትም በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 2022 ደረሰ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እዚህ የምጠቅሳቸው ገጾችና አዝራሮች የስቲሙን እትም የተከተሉ ናቸው። የዘሩ ሕግ ግን በአሮጌውም በአዲሱም ያው ነው።

መጀመሪያ አንዲት ዘር ተከተሉ

ምንም ከመገንባታችሁ በፊት የዘር ዑደቱ ይግባችሁ። ፕላምፕ ሄልሜትን እንውሰድ። ከመሬት በታች የሚበቅል ሐምራዊ እንጉዳይ ነው፤ የምሽጉ የዕለት ጉርስ። ዘሪው አንድ ዘር ይተክላል። ከ25 የጨዋታ ቀን ገደማ በኋላ ይደርሳል። ዘሪው ጀማሪ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ እንጉዳይ ነው፤ ጎበዝ ከሆነ ከዚያው ዘር ሦስት አራት ሊወጣ ይችላል።

አሁን ያ እንጉዳይ የት ሄደ? ድዋርፉ ጥሬውን ከበላው ዘር ይተርፋል። መጥመቂያ ገብቶ መጠጥ ከሆነም ዘር ይተርፋል፤ በዚያ ላይ ከአንዱ እንጉዳይ 5 መጠጥ ይወጣል። ሌሎቹ ሰብሎችም ወፍጮ ላይ ሲፈጩ ወይም በገበሬው ወርክሾፕ ሲዘጋጁ ዘራቸውን ይመልሳሉ። ምግብ አብሳዩ እጅ ከገባ ግን ዘሩ የለም። አለቀ። ሾርባውን በልታችሁ ዘሩን አብራችሁ በልታችኋል ማለት ነው።

ሕጉ ይኸው ነው። መብላት፣ መጥመቅ፣ መፍጨት፣ ማዘጋጀት ዘር ይመልሳሉ። ማብሰል ያጠፋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ሕግ ዝርዝር ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ሰባት ድዋርፎች ይዛችሁ ስትነሱ ዕቃ በነጥብ የምትገዙበት ገጽ አለ። ዝግጁውን ምርጫ ከመቀበል ራሳችሁ ብታዘጋጁት ይሻላል። ዘር ርካሽ ነው፤ ብዙ ነጥብ አይበላም። ከፕላምፕ ሄልሜት ዘር በዛ አድርጋችሁ ያዙ፣ 15 ወይም 20። ስሙ እዚያ ፕላምፕ ሄልሜት ስፓውን ይባላል። ከሌሎቹ ሰብሎች ዘር፣ ከፒግ ቴይል፣ ከኬቭ ዊት፣ ከስዊት ፖድ እና ከሮክ ነት አምስት አምስት ይበቃል። ሮክ ነት ኳሪ ቡሽ የተባለው ሰብል ዘር ነው፤ ስሙ ስለማይመሳሰል ፈልጎ የሚያጣው ሰው ብዙ ነው። ዲምፕል ካፕ ሰማያዊ ማቅለሚያ ብቻ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

አንዱን ድዋርፍ ዘሪ አድርጋችሁ የችሎታ ነጥብ ስጡት። ይህን አትዝለሉት። የዘሪው ችሎታ የሰብሉን ብዛት ይወስናል፤ የሰብሉ ብዛት ደግሞ የሚመለሰውን ዘር። ሁለተኛውን ድዋርፍ ጠማቂ አድርጉት። ምግብ አብሳይ በመጀመሪያው ዓመት ባይኖርም ማንም አይሞትም።

ማሳውን የት እና ምን ያህል

ከላይ የዘረዘርኳቸው ሰብሎች የሚበቅሉት ከመሬት በታች ነው። ስለዚህ ከላይ ካለው አፈር ውስጥ ክፍል ቆፍሩ። አሸዋም ሸክላም ቢሆን አፈር ከሆነ ይበቃል። ድንጋይ ላይ ማረስ የሚቻለው ድንጋዩ በውሃ ርሶ ጭቃ ሲለብስ ብቻ ነው፤ አፈር እያለላችሁ በዚህ አትድከሙ።

ስፋቱ ላይ ሰው ሁሉ ያበዛዋል። እስቲ እናስላው። በጨዋታው አንድ ወር 28 ቀን ነው፣ አንድ ወቅት ደግሞ 84። አንድ ድዋርፍ በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ ገደማ ይበላል፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ ገደማ ይጠጣል። ሰባት ድዋርፎች 14 ምግብ እና 35 መጠጥ ይፈልጋሉ እንበል። 35 መጠጥ ማለት 7 እንጉዳይ ነው። ድምሩ 21 እንጉዳይ።

አሁን 3 በ3 የሆነ ማሳ ውሰዱ። 9 ካሬ ነው። ፕላምፕ ሄልሜት በ25 ቀን ስለሚደርስ በአንድ ወቅት ሦስት ጊዜ ያህል ይታጨዳል። 9 ሲባዛ በ3 ያው 27 ነው፤ ያውም ዘሪው በየካሬው አንድ ብቻ እያወጣ። ሰባት ሰው ለመመገብ ይኼ በቂ ነው። ዘሪው የሚያንቀላፋበትና ዘር ለማምጣት የሚመላለስበት ጊዜ ስላለ በተግባር ትንሽ ይቀንሳል። ለመጠባበቂያ ሌላ 3 በ3 ጨምሩና እዚያው አቁሙ።

ሃምሳ ሰው ሲሞላችሁም ያንኑ ስሌት ድገሙ። ወደ 150 እንጉዳይ በወቅት ይመጣል። እስከዚያ ዘሪያችሁ ስለሚጎብዝ አንድ 5 በ5 ማሳ ይበቃችኋል፤ ሲበዛ ሁለት። አሥር በአሥር ማሳ ቆፍሮ "ዘር አለቀብኝ" የሚል ተጫዋች ዘር አላለቀበትም፤ መሬት በዝቶበት ነው። ደግሞም በጊዜው ያልተሰበሰበ ሰብል ማሳው ላይ ይጠወልጋል። እርሱም ከነዘሩ ይሄዳል።

ለአራቱ ወቅት ምን ይዘራ

ማሳውን ስትጫኑ አራት ወቅቶች ይመጣሉ፦ ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም፣ ዊንተር። ለእያንዳንዱ ሰብል ትመርጣላችሁ። እዚህ የሚሳሳተው ብዙ ነው፤ የወቅቱን ብቻ መርጦ ሌሎቹን ባዶ ይተዋል። ወቅቱ ሲለወጥ ማሳው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ተጫዋቹም ከሁለት ወር በኋላ ነው የሚባንነው። አራቱንም በአንድ ጊዜ ሙሉ።

ፕላምፕ ሄልሜት እና ዲምፕል ካፕ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላሉ። ኬቭ ዊት እና ፒግ ቴይል በሰመር እና በኦተም ብቻ። ስዊት ፖድ በስፕሪንግ እና በሰመር። ኳሪ ቡሽ ከዊንተር በቀር በሁሉም። እንግዲህ አንዱን ማሳ ለፕላምፕ ሄልሜት ብቻ ስጡትና አትነካኩት። ሁለተኛውን እንዲህ አዘዋውሩት፦ በስፕሪንግ ስዊት ፖድ፣ በሰመር ኬቭ ዊት፣ በኦተም ፒግ ቴይል፣ በዊንተር ፕላምፕ ሄልሜት። ወቅቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዲስ ሰብል አትጀምሩ፤ ለመድረስ ጊዜ የለውም።

ለምን ይህን ሁሉ ዓይነት? ድዋርፍ አንድ ዓይነት መጠጥ ሲደጋገምበት ይሰለቻል፣ ስሜቱም ይወርዳል። ከፕላምፕ ሄልሜት ወይን፣ ከፒግ ቴይል ኤል፣ ከኬቭ ዊት ቢራ፣ ከስዊት ፖድ ሩም ይጠመቃል። አራት መጠጥ ካለ ማንም አያጉረመርምም። መጠጥ ጨርሶ ሲጠፋ ግን ጉድ ይፈላል፤ ሥራው ሁሉ ይጎተታል።

ፒግ ቴይል ሌላም ጥቅም አለው። በገበሬው ወርክሾፕ ክር ይሆናል። ክሩ በሽመና ጨርቅ፣ ጨርቁ ደግሞ በልብስ ሰፊው ከረጢት ይሆናል። ከረጢት ለምን እንደሚያስፈልግ ትንሽ ቆይተን እንመጣበታለን።

ኩሽናውን ዝጉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። የሥራ ክፍፍሉን ገጽ ክፈቱና ኩሽና የሚለውን ትር ተጫኑ። ያላችሁ ምግብ ሁሉ ይዘረዘራል። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ ለማብሰል፣ አንዱ ለመጥመቅ። ከፕላምፕ ሄልሜት ጎን ማብሰሉን አጥፉ። መጥመቁ እንደበራ ይቆይ።

በመቀጠል ወደ ዘሮቹ ውረዱ። ሮክ ነትን ጨምሮ አንዳንድ ዘር ራሱ ይበስላል። በርቶ ካገኛችሁት ወዲያው አጥፉ። አብሳያችሁ ለነገ የሚዘራውን ከረጢት ዛሬ ወጥ ቢያደርገው ምንም አይሰማውም። ቀጥሎ መጠጦቹን ተመልከቱ። መጠጥም ከሌላ ምግብ ጋር ይበስላል፤ ይህም በርቶ ከሆነ ጠማቂው የሚሠራውን አብሳዩ ይጨርሰዋል። አጥፉት።

አብሳዩ የሚያደርሰው ጉዳት ምን ያህል ነው? ሦስት የምግብ ደረጃዎች አሉ። ቀላሉ ሁለት ዓይነት ግብዓት ይወስዳል፣ መካከለኛው ሦስት፣ ድግሱ አራት። ግብዓት ሲባል አንድ ፍሬ አይደለም፤ አንድ ክምር ነው። አምስት እንጉዳይ አንድ ላይ ከተቀመጡ አምስቱም በአንድ ሥራ ድስት ይገባሉ። አንድ ድግስ አራት ክምር እንጉዳይ ቢወስድ ሃያ ዘር በአንድ ቀን ሄደ። ያችን 3 በ3 ማሳ ሁለት ጊዜ ለመዝራት የሚበቃ ዘር በአንድ ትሪ።

ታዲያ አብሳዩ ምን ያብስል? ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብ። እነዚህ ዘር የላቸውም። ከሰብሉም ቢሆን ዘሩን አስቀድሞ የመለሰውን ማብሰል ይቻላል። የኬቭ ዊት ዱቄት፣ የስዊት ፖድ ስኳር ወይም ሽሮፕ፣ የኳሪ ቡሽ ቅጠል፤ እነዚህ ወፍጮው ወይም ወርክሾፑ ጋ ሲያልፉ ዘራቸው ተመልሷል። ኳሪ ቡሽ በተለይ ያዋጣል። አንዱ አምስት ቅጠልና ሮክ ነቱን ይሰጣል፤ ቅጠሉን ያለ ሥጋት ድስት ውስጥ መክተት ነው። ዱቄትና ቅጠል ለማስቀመጥ ግን ባዶ ከረጢት ይፈለጋል። ፒግ ቴይሉ ለዚህ ነው።

እስከ መቼ ይዘጋ? ለዘላለም አይደለም። በነባሪው ቅንብር አንድ ዓይነት ዘር 200 ሲደርስ ጨዋታው ከዚያ በላይ አይጨምርም። ስለዚህ የፕላምፕ ሄልሜት ዘራችሁ 150 አካባቢ ሲደርስ ማብሰሉን መልሳችሁ ብታበሩ ኪሳራ የለውም፤ ከጣሪያው በላይ የሚመለሰው ዘር ለማንኛውም ከንቱ ነው። ከ60 በታች ሲወርድ መልሳችሁ ዝጉ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የራሴ ልማድ ናቸው፤ በምሽጋችሁ ልክ አስተካክሏቸው።

ዘር እያለ ዘር የለም የሚባልበት ጉዳይ

ኩሽናው ተዘግቷል፣ የዕቃው መዝገብ 30 ዘር አለ ይላል፣ መልእክቱ ግን አሁንም ይመጣል። ሰው ጨዋታው ተበላሸ የሚለው እዚህ ጋ ነው። አልተበላሸም። ማከማቻውን አጉልታችሁ ተመልከቱ።

ዘር ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ ደግሞ፣ ማከማቻው በርሜል የሚፈቅድ ከሆነ፣ በርሜል ውስጥ ይገባል። አሁን አንዱ ድዋርፍ ምግብ ቤቱ ውስጥ እንጉዳይ በልቶ አንዲት ዘር ወለሉ ላይ ተወች። ሌላው ሊያነሳት ተነሳ። ዘሯን ወደ በርሜሉ ከማምጣት ይልቅ በርሜሉን ተሸክሞ ወደ ዘሯ ይሄዳል። 29 ዘር ያለበት በርሜል ኮሪደር ላይ እየተጓዘ ነው። በዚያ ቅጽበት ዘሪው ዘር ፈለገ፤ በርሜሉ ተይዟል። ሥራው ተሰረዘ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለዘር ብቻ የሆነ ትንሽ ማከማቻ ሥሩ። ከምግብ ዝርዝር ውስጥ ዘሮችን ብቻ ምረጡ። የበርሜሉን ቁጥር ዜሮ አድርጉ። ከዋናው የምግብ ማከማቻ ደግሞ ዘርን አውጡ፤ ያለዚያ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ቦታው ከማሳው ጎን ይሁን፣ መጥመቂያውም ከሁለቱ ብዙ አይራቅ። ዘር በብዛት የሚወጣው ከመጥመቂያው ስለሆነ መንገዱ ባጠረ ቁጥር ዘሩ ቶሎ ይደርሳል። ባዶ ከረጢት መኖሩንም አረጋግጡ፤ ከሌለ ፒግ ቴይሉን ወደ ክር ማዞር ነው።

ጠመቃውን በትእዛዝ አስኪዱት

በእጅ "አንድ ጥመቅ፣ አንድ ጥመቅ" እያሉ መኖር ያደክማል። ሁለት ሹመት ስጡ። አንዱን ድዋርፍ ማናጀር፣ አንዱን መዝገብ ያዥ አድርጉ። መዝገብ ያዡ ቢሮ ይፈልጋል፤ ጠረጴዛና ወንበር ያለው ክፍል ይበቃል። እርሱ ሳይኖር የምታዩት የዘር ቁጥር ግምት ነው፤ በግምት ደግሞ ኩሽና አይከፈትም አይዘጋም።

ከዚያ በማናጀሩ በኩል በየቀኑ የሚታይ የጠመቃ ትእዛዝ አስገቡ። ቅድመ ሁኔታ ጨምሩበት፦ መጠጥ ከ100 ሲያንስ ይጀምር፣ የሚጠመቅ ሰብል ቢያንስ 10 ሲኖር ብቻ። ሁለተኛው ሁኔታ ጠማቂው ለጥሬ የሚበላውን እንዳይጨርስ ይጠብቃል። ባዶ በርሜል ወይም ትልቅ የድንጋይ ማሰሮ እንዳይጠፋም ተመሳሳይ ትእዛዝ አድርጉ። ማሰሮው እንጨት ሳታባክኑ ከቋጥኝ ስለሚሠራ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ይህ ሲያዝ ዑደቱ ራሱን ያዞራል። ማሳው ሰብል፣ መጥመቂያው መጠጥና ዘር፣ ዘሩ ወደ ማሳው።

ማን ይዝራ

ስደተኞች ሲመጡ ሁሉንም ዘሪ የማድረግ ፈተና አለ። አታድርጉት። ዘሪነትን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ብቻ ስጡ። ልምድ ያለው ዘሪ ከአንድ ዘር ብዙ ያወጣል፤ ልምዱ ደግሞ የሚመጣው ደጋግሞ በመዝራት ነው። አሥር ሰው ቢከፋፈለው አሥሩም ጀማሪ እንደሆኑ ይቀራሉ። ማጨዱን ግን ለማንም ክፍት አድርጉት፤ ሰብሉ ቶሎ ከተነሳ አይጠወልግም። ማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ መሥራትም ይቻላል። በደንብ የሚሠራ ዘሪ ካላችሁ አያስፈልግም።

ዘር ጨርሶ ካለቀ

ሦስት መንገድ አለ፤ እንደ ችኮላችሁ ቅደም ተከተል ላስቀምጣቸው።

ፈጣኑ ከላይ ያለው መሬት ነው። ቁጥቋጦዎቹን እንዲሰበስቡ እዘዙ። የተገኘው ፍሬ ጥሬውን ሲበላ ወይም ሲጠመቅ የራሱን ዘር ይሰጣል። ይህ ዘር ግን የሚበቅለው ከላይ፣ ብርሃን በሚያገኝ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ውጭ ትንሽ ማሳ ሥሩና በአጥር ወይም በግንብ ክበቡት። ረሃቡን ያስታግሳል።

ሁለተኛው ወደ ታች መቆፈር ነው። ከታች ያሉት ዋሻዎች ውስጥ ፕላምፕ ሄልሜትን ጨምሮ የምድር ሥር ሰብሎች እንደ ዱር ተክል ይበቅላሉ። አምስት ስድስት ብታገኙ እንኳ ይበቃል፤ ኩሽናውን ዘግታችሁ ጥመቁት፣ ዘሩ ወደ ማሳው ይሂድ። ዋሻ ውስጥ ግን ተክል ብቻ አይደለም ያለው። ቀዳዳውን ከመክፈታችሁ በፊት በር ሥሩለት፣ ሰብሳቢውንም ከወታደር ጋር ላኩ።

ሦስተኛው ነጋዴ ነው። የድዋርፎቹ ቅፍለት በኦተም ይመጣል፤ እስከዚያ የንግድ ጣቢያውን ሠርታችሁ ጠብቁ። ዘር ይዞ ከመጣ ግዙ። ከቅፍለቱ ጋር የሚመጣው መልእክተኛ ለመጪው ዓመት ምን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ከዝርዝሩ ዘሮችን ፈልጉና ፍላጎቱን ከፍ አድርጉ። ዋጋው ይወደዳል፣ የሚደርሰውም በሚቀጥለው ኦተም ነው። ስለዚህ መልእክተኛው በመጣ ቁጥር፣ ዘር ሞልቶ ተርፎ ባለበት ዓመት ጭምር፣ ከየዓይነቱ ጥቂት እዘዙ።